«ስልክዎን የት ነው የሚይዙት?»

እማዬ ፔስሜከር (ደረት ውስጥ ተቀብሮ የልብን ምት የሚደግፍ መሣሪያ) የተገጠመላት ሰሞን፣ እኛ ቤት ስልክ እንደ ጫማ በር ላይ የሚወልቅ ነገር ሆኖ ነበር። አክስቴ መግቢያው ላይ ቅርጫት አስቀመጠች። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ከማለቱ በፊት ስልኩን እዚያ ይጥላል። ቡና እየተጠጣ ቅርጫቱ ይንጫጫል። «የማን ነው? የማን ነው?» ይባላል። አንዱ ተነስቶ ይሄድና የሌላ ሰው ስልክ ይዞ ይመለሳል። አክስቴ ግን ፍንክች የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ነው መልሷ።

ደንቡን ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም። ሁላችንም መቼም እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ነው የኖርነው። ስልክ ካንሰር ያመጣል። ስልክ አውሮፕላን ይጥላል። ስልክ ማደያ ያቃጥላል። ትራስ ሥር አድርገህ አትተኛ። ቻርጅ ላይ እያለ አታውራ። ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። አክስቴ ክፍተቱን በራሷ ሕግ ሞላችው። አልፈርድባትም። የእህቷ ልብ ነው።

ሲከነክነኝ የቆየው ቅርጫቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለክትትል ስንሄድ የሆነው ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ

ፔስሜከር ያለው ሰው ለክትትል ሲሄድ ደረቱ አይከፈትም። ባለሙያው ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘች፣ መዳፍ የምታህል ነገር ቆዳው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ መሣሪያው ያለፉትን ወራት ታሪክ ይዘረግፋል። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው፣ ሽቦዎቹ ደህና መሆናቸውን፣ ልቧ ምን ያህል በራሷ እንደመታች፣ ምን ያህል እርዳታ እንደፈለገች። ይህ ሁሉ ወሬ በቆዳዋ አልፎ የሚመጣው ያለ ሽቦ ነው። አክስቴ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ይህን በዓይኗ አየች፤ ምንም አላለችም።

ባለሙያው ወጣት ነው። ጨዋታ አዋቂ። «እናቴ፣ ሁሉም ሰላም ነው፤ ገና ብዙ ሠርግ ይበላሉ» አላት። እማዬ ቀሚሷን እያስተካከለች ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ «ስልክዎን የት ነው የሚይዙት?» ብሎ ጠየቃት።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጇን በአንገቷ በኩል ሰደደች። ከግራ ጡቷ ላይ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መሐረቡ ሲፈታ የተጣጠፉ ብሮች፣ የቤት ቁልፍና ስልኳ ብቅ አሉ። ስልኩ ዱባይ ያለችው እህቴ የላከችውን ቀይ የቆዳ ሽፋን ለብሷል። ያ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው፣ ሲዘጋ በራሱ ቀጭ የሚለው ዓይነት።

ፔስሜከሩ የተቀበረው ከግራ ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

ባለሙያው ስልኩን አልነካም። ጣቱን ወደ ቁልፉ ቀሰረ። የቁልፉ ቀለበት ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ነቅሎ ለቀቀው። ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ተመልሶ ተለጠፈ። «እናቴ፣ ስልኩ ብዙም አያሳስበኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ማግኔት ነው» አላት።

አክስቴን ዞር ብዬ አየኋት። ያን ሁሉ ጊዜ የጎረቤቱን፣ የዘመዱን፣ የንስሐ አባታችንን ስልክ ሳይቀር በር ላይ ስታስፈታ ከርማለች። የበሽተኛዋን ስልክ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ካሉት ስልኮች ሁሉ ለመሣሪያው የቀረበው እሱ ነበር። እዚያው ላዩ ላይ ተኝቶ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? የራስ የሆነና እጅግ የቀረበ ነገር መከበር ብቻ አይደለም የሚጎድለው። መጠርጠርም ይቀርበታል።

የሰጣት ምክር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩን ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ያርቁ። በቀኝ ጆሮዎ ያውሩ። ደረትዎ ውስጥ አይክተቱት። ሽፋኑን ይቀይሩ። ሰው አጠገብዎ ሲያወራ አይሳቀቁ። አክስቴ «በቃ?» አለች። ቅር ያላት ትመስል ነበር።

15 ሴንቲሜትሯ ከየት መጣች?

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ለምን 15? ለምን አንድ ሜትር አይሆንም? ለምን ጨርሶ አይከለከልም?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔስሜከር የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ያዳምጣል። ምልክቱ በሚሊቮልት የሚለካ ኢምንት ነገር ነው። ልብ በራሷ ከመታች መሣሪያው ዝም ይላል፤ ካልመታች ይቀሰቅሳታል። አደጋ የሚኖረው ከውጭ የመጣ ጫጫታ ሰምቶ «ልብማ እየመታች ነው» ብሎ ከተታለለና ዝም ካለ ነው።

የድሮ ስልኮች ደግሞ ጫጫታ ያበዙ ነበር። ታክሲ ውስጥ ስልክ ሊጠራ ሲል የሬዲዮው ድምፅ ማጉያ «ትር-ትር-ትር» ሲል የሰማ ሰው ያውቀዋል። የ2ጂ ስልክ ሞገዱን የሚልከው በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው። የድምፅ ማጉያው ሽቦ ሳይፈልግ አንቴና ይሆንና ያንን መቆራረጥ ያሰማናል። በስብከት መሃል ማይክራፎኑ ሲያጉረመርም «እባካችሁ ስልካችሁን አጥፉ» ይባል የነበረው ለሥርዓት ብቻ አልነበረም። 4ጂ በዚያ መልክ ስለማይቆራረጥ የዛሬ ልጆች ድምፁን አያውቁትም።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ፔስሜከር ያላቸው 980 ሰዎች ላይ ከ5,500 በላይ ሙከራ ተደረገ። ከሙከራዎቹ 20 በመቶ በሚሆኑት መሣሪያው በሆነ መንገድ ተረብሿል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ቅርጫት በር ላይ ቢያስቀምጥ አይገርምም። ግን ስልኩ እንደወትሮው ጆሮ ላይ ሲያዝ፣ ለጤና የሚያሰጋ መረበሽ አልተገኘም። የሚያሰጋው የታየው ስልኩ ፔስሜከሩ ላይ ሲቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የስልክ ሞገድ የሚያስቀሩ ማጣሪያዎችን መሣሪያው ውስጥ አስገቡ። የ15 ሴንቲሜትሩ ምክር ግን እስከ ዛሬ አለ። ጥንቃቄው ርካሽ ነው፤ ኪስ መቀየር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ማግኔቱ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ፔስሜከር ማግኔትን የሚያውቀው ሆን ተብሎ እንዲያውቅ ስለተሠራ ነው። ሐኪም ደረት ላይ ማግኔት ሲያስቀምጥ መሣሪያው ማዳመጡን ትቶ በአንድ ቋሚ ፍጥነት መምታት ይጀምራል። ለምሳሌ ቀዶ ሕክምና ላይ ይጠቅማል። ማግኔቱ ሲነሳ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ልብ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመታው የዲፊብሪሌተር ዓይነት ግን ማግኔት አጠገቡ እያለ ያንን አድን ሥራውን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ዲትሮይት ያሉ የልብ ሐኪሞች አይፎን 12ን እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ደረት ላይ ሲያስጠጉ የሆነው ይኸው ነበር። የስልኩ ጀርባ ቻርጀር የሚይዝ ክብ ማግኔት አለው። አፕል ራሱ ስልኩ 15 ሴንቲሜትር እንዲርቅ ይመክራል፤ ያለ ሽቦ ቻርጅ እየተደረገ ከሆነ ደግሞ 30።

አሁን የአክስቴን ሕግ እንደገና አስቡት። እሷ የምትፈራው ስልኩ ሲጠራ ነው። ስልኩ ቢጠፋ እፎይ ትላለች። ማግኔት ግን ማጥፊያ የለውም። ባትሪው ያለቀ ስልክ፣ ሲምካርድ የሌለው ስልክ፣ ባዶ ሽፋን እንኳ ያው ማግኔት ነው።

ማደያው ላይ ያለው ምልክት

ከዚያ በኋላ ስለ ስልክ የተጻፈ ክልከላ ባየሁ ቁጥር «ይሄኛው ከምን ወገን ነው?» ማለት ለመደብኝ። አንዳንዱ የሰውን ሥጋ ከሙቀት ለመጠበቅ ነው። አንዳንዱ ማሽንን ከማሽን ለመጠበቅ። አንዳንዱ ለሥርዓት። አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱ ሞቶ ምልክቱ ብቻ የቀረ ነው።

ማደያን እንውሰድ። ከፓምፑ በላይ ስልክ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት ሥዕል አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ብቻ ሆነ። እናም ሾፌሩ እዚያው ሥዕሉ ሥር ቆሞ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ የቴሌብር ቁጥሩን ይመታል። ቀጂውም ስልኩን አውጥቶ «ገብቷል» ይላል። ሁለቱም ከሥዕሉ ጋር ተላምደዋል። ልጅ እያለሁ አጎቴ እዚያው ቦታ ላይ ስልክ ያነሳን ሰው ሲቆጣ አይቻለሁ።

ታዲያ ለምን አልተቃጠልንም? ስልክ ያስነሳው እሳት ነው እየተባሉ የተወሩ ቃጠሎዎች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ መሣሪያ ባለሙያዎች ሲመረምሯቸው የሚያገኙት ግን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ነው። ሰውየው ነዳጅ ቀድቶ ሳይጨርስ መኪናው ውስጥ ይገባል። ልብሱ ከመቀመጫው ጋር ይፋተጋል። ወጥቶ የመቅጃውን አፍ ሲነካ ብልጭ ይላል። እኛ ጋ የሚቀዳው ሠራተኛ ስለሆነ ይህ አጋጣሚ ያንሳል። በሌላ በኩል እኛ ጋ ፕላስቲክ ጀሪካን አለ። ጀሪካን ሲሞላ መሬት ላይ ተቀምጦ እንጂ መኪና ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ እንዳለ መሆን የለበትም። ያ ነው እውነተኛው ብልጭታ። ስለ እሱ የተሰቀለ ሥዕል ግን አላየሁም።

የአውሮፕላኑ ታሪክ ደግሞ ይለያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 አየር ላይ በሞባይል ማውራትን የከለከለችበት ዋና ምክንያት አውሮፕላኑ አልነበረም። ምድር ላይ ያለው ኔትወርክ ነው። ከላይ የሚበር ስልክ በአንድ ጊዜ ብዙ አንቴናዎችን ስለሚያገኝ መስመሩን ያጨናንቃል። ያ ማለት ግን የአውሮፕላን ስጋት ተረት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ አዲስ የ5ጂ መስመር ልትከፍት ስትል ኤምሬትስን የመሰሉ አየር መንገዶች አንዳንድ በረራዎቻቸውን አቋርጠው ነበር። አውሮፕላን ሲያርፍ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚለካበት ሬዲዮ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል። አዲሱ 5ጂ እስከ 3.98 ድረስ ተጠግቶት ነበር። እዚያ ላይ የተጨቃጨቁት መሐንዲሶች ናቸው፤ ኤርፖርቶች አካባቢ የአንቴናዎቹ ጉልበት እንዲቀንስ ተደርጎ፣ የአውሮፕላኖቹም መለኪያ ተሻሽሎ አለፈ። እዚህም ጉዳዩ ርቀት ነው። የሚለካው በጊጋኸርዝ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ጭንቅላቴስ?

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «እሺ፣ ካንሰርስ?»

የስልክ ሞገድ እንደ ኤክስሬይ የሕዋስን ውስጠኛ ክፍል የሚሰብር ጉልበት የለውም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው። ስለዚህ ወሰኑ የተሠራው በሙቀት ነው። መላ ሰውነት በኪሎ 4 ዋት ሲቀበል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ለሕዝብ የተፈቀደው ከዚያ 50 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በኪሎ 0.08 ዋት። ለጭንቅላት ለብቻው አውሮፓ በ10 ግራም ሥጋ ላይ ተሰልቶ በኪሎ 2 ዋት ይፈቅዳል፤ አሜሪካ በ1 ግራም ላይ ተሰልቶ 1.6። ብዙ ስልኮች ላይ *#07# ስትመቱ ይህ ቁጥር ይወጣል። የእማዬን መትቼ አየሁት። ከወሰኑ በታች ነው።

ቁጥሩ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። በስልክ አምራቾች መመሪያ ላይ በትንሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የደረትና የሆድ ልኬት ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ስልኩ ከቆዳ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስልኩን ጡት መያዣ ውስጥ የሚከት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ፈረንሳይ አይፎን 12ን ከገበያ ያገደችው ስልኩ እጅ ላይ ወይም ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ፣ ቆዳ አስነክተው ሲለኩት ነው። ለእጅና ለእግር የተፈቀደው ወሰን በኪሎ 4 ዋት ሲሆን 5.74 አገኙ። አፕል ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ወደ ገበያ ተመለሰ። ሰው አልታመመም። ወሰኑ ራሱ ሰፊ መጠባበቂያ አለው። ግን ሚሊሜትር ቁጥሩን እንዴት እንደሚለውጠው አሳየ።

ካንሰሩን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» የሚለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገባው። ማስረጃው ደካማ ነው፣ ግን አልተዘጋም ማለታቸው ነው። በዚያው ምድብ የእሬት ቅጠል ጭማቂም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ድርጅቱ ያስጠናው ሰፊ ግምገማ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ በሰላም አወራለሁ። ረዘም ያለ ወሬ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ። ፈርቼ አይደለም፤ ጆሮዬ ስለሚግል ነው።

ጣሪያው ላይ

እማዬ የምትኖርበት ሕንፃ ጎን ያለው ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና ተተክሏል። ነዋሪው ይነሳልን ብሎ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። አክስቴ ከፊርማ አሰባሳቢዎቹ አንዷ ናት። ሌላ ማን ሊሆን!

እዚህ ላይ ነው ከእሷ ጋር የተጨቃጨቅነው። ስልክ ጉልበቱን እንደ ኔትወርኩ ነው የሚመጥነው። የ2ጂ ስልክ ኔትወርክ ሲጠፋበት እስከ 2 ዋት ድረስ ይጮኻል። አንቴና ሲቀርበው ወደ ጥቂት ሚሊዋት ይወርዳል። እማዬ መኝታ ቤት ውስጥ ድሮ አንድ መስመር ብቻ ነበር የምታገኘው። አንቴናው ከተተከለ ወዲህ ሙሉ ነው። ጆሮዋ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ከአንቴናው ራሱ የሚመጣው ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የጠቀሳቸው ልኬቶች ሕዝብ በሚኖርበት ቦታ ከዓለም አቀፍ ወሰኑ ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ናቸው። አንቴናው ቢነሳ የቀረው ስልክ ሁሉ ጮክ ብሎ ማውራት ይጀምራል፤ እሱም ጭንቅላታችን ላይ ተደግፎ።

አክስቴ አዳመጠችኝ። «እሺ፣ ይህን ያህል ደህና ከሆነ ለምን የጣሪያውን በር ቆለፉት?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንቴና ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሜትር ውስጥ መቆም በእርግጥ አይፈቀድም። ጣሪያ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ካለ በሩ መቆለፍ፣ ማስጠንቀቂያውም በአማርኛ መለጠፍ አለበት። «ደህና ነው» ማለት «ምንም ዓይነት ደንብ አያስፈልገውም» ማለት አይደለም። አንቴናውን የተከለው ድርጅት ጉልበቱን ለክቶ ውጤቱን ለነዋሪው እንዲያሳይ መጠየቅም መብት ነው። ነዋሪውን «ያልተማረ ፈሪ» እያሉ የሚያልፉ መሐንዲሶች ያበሽቁኛል። ቁጥሩ ካላቸው ቁጥሩን ያምጡ።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ። አንቴናው መብራት ሲጠፋ እንዳይዘጋ ግቢው ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ተቀምጧል። መብራት በሄደ ቁጥር ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቶቻችን ነው። ያ 2ቢ ብሎ ሞገድን የመደበው የካንሰር ምርምር ክፍል፣ የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 አንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። «ምናልባት» የሚል ቃል የለውም፤ ካንሰር ያመጣል ነው የሚለው። ፊርማ የተሰበሰበበትን ወረቀት አንብቤዋለሁ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጨረር ነው። ስለ ጭስ አንድ መስመር የለም።

ይህን ለአክስቴ ሳነብላት መነጽሯን አወለቀች። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ታዲያ ጄኔሬተሩን ወዴት እናድርገው?» አለች። የጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ከፍ ቢል፣ ወይም በባትሪ ቢተካ አልኳት። ወረቀቱን ተቀብላኝ ከጨረሩ በላይ፣ አናቱ ላይ በእጇ ጻፈችው። ስለ ጨረሩ የተጻፈውን ግን ሰርዢው ብላት እምቢ አለች። እሁድ ስብሰባ አለ። እሷ ስለ አንቴናው ትናገራለች፣ እኔ ስለ ጄኔሬተሩ። በዚህ ተስማምተናል።